የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ

አርለን ፍሪትስን ሞቶ ያገኘው ደብዳቤ አዳዩ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ድልድዩ አፍ ካለችው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ። ጭንቅላቱ ያረፈበት ድንጋይ ደም ለብሷል። ግቢውን ሊዘጋበት ያመጣው ሰንሰለት አጠገቡ ተከምሯል። የኮቱ የደረት ኪስ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«እዚህ ውስጥ ምን ነበር?» አልኩት ደብዳቤ አዳዩን።

«ቀይ ደብተሩ ነዋ። አርለንን ያለ ደብተሩ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። በፓይክስ ላንዲንግ ማንም አያውቅም። አርለን ሃያ ስምንት ዓመት የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነበር። ከዌስት ቨርጂኒያ ወደ ኦሃዮ የሚገባውን ጭነት እየመዘነ «ይሄ ወረቀት ማዶ ነው የሚሠራው፣ እዚህ አይሠራም» ሲል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣው ሰውዬው እንጂ አመሉ አይደለም። ሰባት ምእመን የቀራት ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ሆነና መኪና መመዝገቡን ቀጠለ።

የሚመዘግበው ደግሞ አላጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ የዌስት ቨርጂኒያ ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖች እዚያ ግቢ ገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ይቆማሉ። በየመኪናው አንድ ሰው ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ ያወራል፤ አንዳንዱ ሸሚዙን ገልቦ ደረቱን ያሳያል። እንግዳ ሰው ቢያይ ጉድ ይላል። እኛ ግን ሐኪም ቤት መሆኑን እናውቃለን።

ዶክተር ሲልቪያ ክራንትዝ እዚሁ በኦሃዮ በኩል፣ ፓይክስ ላንዲንግ ክሊኒክ አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች። ግማሹ በሽተኛዋ ከማዶ፣ ከዌስት ቨርጂኒያዋ ሎውደር ክሪክ ነበር የሚመጣው፤ ድልድይ ተሻግሮ መጥቶ የሚታከምን ሰው ከየት መጣህ ያለው የለም። ክሊኒኩ ከሦስት ዓመት በፊት ተዘጋ። እሷም የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮሎምበስ ሄዳ በቪዲዮ ማከም ጀመረች። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ሕጉ የሚያየው ሐኪሟ የተቀመጠችበትን ሳይሆን በሽተኛው የተቀመጠበትን ነው። በሽተኛው ዌስት ቨርጂኒያ ከሆነ ሐኪሟ የዌስት ቨርጂኒያ ፈቃድ ሊኖራት ይገባል፤ እሷ ያላት የኦሃዮን ነው። ስለዚህ የሎውደር ክሪክ ሰው ሳሉንም ስኳሩንም ጭኖ ድልድዩን ይሻገርና፣ ኦሃዮ ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያ ሜዳ ላይ ቆሞ ይታከማል። ያው ሐኪም፣ ያው ስልክ፤ የተለወጠው ከጎማው ሥር ያለው አፈር ብቻ ነው።

እኔ ጆሊን ስታምፐር እባላለሁ። የካውንቲው ሸሪፍ ቢሮ መርማሪ ነኝ፤ በነፍስ ግድያ ሳይሆን በሰካራምና በተሰረቀ ጀልባ ያረጀሁ።

የስልክ ተቀባያችንን መዝገብ ሳይ ደሜ ፈላ። አርለን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደውሎልን ነበር።

«ምን አለሽ?» አልኳት ተቀባይዋን።

«‘ዛሬም ግቢዬ ገብተዋል፣ ልዘጋባቸው ነው’ አለ። እሺ አቶ ፍሪትስ አልኩት።»

«ስንት መኪና እንደቆመ፣ የማን እንደሆነ አልጠየቅሽውም?»

«ጆሊን፣ ሰውዬው ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ነው የሚደውለው። አንቺስ አንድ ቀን ሄደሽ አይተሽለታል?»

አላየሁም። መዝገቡን መልሼላት ወጣሁ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የነገረኝ ደግሞ የባሰ ነው። ከፊት ተገፍቷል፣ ወደ ኋላ ወድቆ ድንጋዩ መትቶታል። ወዲያው ግን አልሞተም። «ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሷል» አለኝ። «አንድ ሰው አንዲት ስልክ ቢመታ ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክላይድ የሚባለውን ነው። ባለፈው ዓመት ሰክሮ የቤተ ክርስቲያኑን ሰሌዳ በጥይት በሳስቶ፣ አርለን ከስሶት ነበር። ቤቱ ሄጄ በር ስደበድብ እናቱ ወጣች።

«ክላይድ የት ነው?»

«እናንተ ዘንድ ነዋ። እሑድ ማታ እራሳችሁ አስራችሁት የለ?»

እውነትም ከቢሮዬ በታች ሁለት ፎቅ ወርዶ ተኝቷል። እንግዲህ መርማሪ ማለት እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ቆሞ እንደነበር ማወቅ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥቼ ዶክተር ክራንትዝን በቪዲዮ አገኘኋት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቷል።

«ቦታቸውን ትመዘግቢያለሽ ወይስ ትገምቻለሽ?» አልኳት።

«የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነው። ‘የት ሆነው ነው የሚያናግሩኝ?’ እላለሁ። መልሱን ሳልጽፍ ሳል እንኳ ማዳመጥ አልችልም።»

መዝገቧን አነበበችልኝ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወይዘሮ ሆባርት፤ ኦሃዮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ከአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ እስከ አምስት ሰዓት ለሃያ ጉዳይ አቶ ዌንደል ታኬት፤ ኦሃዮ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። አምስት ለሩብ ጉዳይ ላይ ግሌና ሜይስ ከልጇ ጋር፤ ኦሃዮ፣ ፓይክስ ላንዲንግ፣ እህቷ ቤት።

አርለን የደወለው አራት ከሩብ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ታኬት ብቻ ነው ማለት ነው።

«ከታኬት ጋር ሠላሳ አምስት ደቂቃ ስታወሩ ጠብ፣ ጩኸት፣ የሚወድቅ ሰው ድምፅ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«መኪናው አጠገብ ሰው ሲሞት?»

«አልሰማሁም ነው የምልሽ» አለች፣ ፊቷን ከካሜራው መለስ አድርጋ። የሆነ ነገር እንደዋጠች አይቻለሁ። የበሽተኛ ምስጢር ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሞኝ ነኝ።

ዌንደል ታኬት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሲያዩት ግን ሰባ አምስት ይመስላል። ሳንባውን ከሰሉ በልቶታል። የማዶ ፖሊሶችን አስፈቅጄ ቤቱ ስሄድ ማእድ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ፣ ባቄላ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ፊቱ። ሚስቱ ኦፓል ምድጃው ጋ ቆማለች።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ አቶ ታኬት?»

ዳቦውን ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነከረ። «ሐኪሟን ጠየቅሻት?»

«ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር አለች።»

«እንግዲያው እዚያ ነበርኩ።»

«ዌንደል» አለች ሚስቱ።

«ዝም በይ፣ ኦፓል።»

«አርለንን አዩት?»

«አላየሁትም። አልነካሁትም። ሐኪሜን አናግሬ ሄድኩ።»

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ እዚያው ግቢ፣ አርለን መስኮቱን እያንኳኳ ሲያስቸግረው «ትንፋሽ ቢኖረኝ ኖሮ አንስቼ ወንዝ እጨምርህ ነበር» ማለቱን ሦስት ሰው ሰምቷል። ብጠይቀው አልካደም። በማግስቱ ራሱ ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ ቃሉን ፈረመ። ፈርሞ ሲነሳ ዐቃቤ ሕጉ ብሬንት ኮል አሰረው።

«የራሱ ቃል፣ የሐኪሟ መዝገብ፣ የነሐሴው ዛቻ» አለኝ ብሬንት፣ በጣቱ እየቆጠረ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ደብተሩን።»

«ወንዝ ውስጥ ነዋ።»

«ብሬንት፣ ሰውዬው አሥር እርምጃ መሄድ አይችልም።»

«ሰው ለመግፋት ስንት እርምጃ ያስፈልጋል?»

ፋይሉን ዘግቼ ተነሳሁ። ግን አላመንኩም። እገሌ ገደለ ብሎ ልቤ አምኖ ያደረበት ቀን አለ፤ ይሄ እንደዚያ አልነበረም።

ማዶ ተሻግሬ ወይዘሮ ሆባርት ጋ የሄድኩት ለይስሙላ ነው። ሦስት ከሃያ ላይ ግቢው ውስጥ ስለነበረች ምናልባት አርለንን አይታው ይሆናል ብዬ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ አንዲት ወፍራም ድመት አለቻት። ሻይ ቀዳችልኝ።

«ማክሰኞ ጠዋት የነበሩበትን ቦታ ይንገሩኝ እስቲ።»

«ለሐኪሟ የነገርኳትን ነው ልጄ፣ ወይስ የነበርኩበትን?»

ብላው አፏን በእጇ ያዘች። ሻዬን አስቀመጥኩ።

«የነበሩበትን።»

«ምንም አላልኩም» አለች፣ እቃ ለማጠብ ዞር ብላ።

«ወይዘሮ ሆባርት፣ ዌንደል ታኬት በነፍስ ግድያ ታስሯል።»

አሮጊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድመቷን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። «እንግዲህ እዚሁ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «ፀጉሬን ጠቅልዬ። ካለፈው የብርድ ወራት ጀምሮ ማን ይሻገራል? ድልድዩ በረዶ ነው፣ ማዶ አርለን ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል። አንድ ሁለት ቤታቸው የኢንተርኔት መስመር የሌላቸው ናቸው አሁንም የሚሻገሩት። ሌሎቻችን ‘የት ነሽ’ ስትለን ‘ቤተ ክርስቲያኑ ጋ’ እንላለን። ትጽፋለች።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ ልጄ። ድመቴ ካሜራው ላይ ስትወጣ ‘ድመቷንም መኪና ውስጥ ይዘሻት መጣሽ?’ ትለኛለች። እንስቃለን። ከዚያ ስኳሬን ትጠይቀኛለች።»

የዚያን ቀን ድልድዩን ስመለስ መሪውን በጥፊ መታሁት። የሐኪሟ መቶ ስልሳ በሽተኛ በየማክሰኞው እየተፈራረቀ የእኔ ካውንቲ ውስጥ እንዳለ ሲናገር፣ እዚያ ግቢ ሦስት መኪና እንኳ አይቆምም ነበር። አርለን ሞኝ አልነበረም፤ እኛ ነን ያልሰማነው።

ታኬትን ከእስር ቤቱ የሕክምና ክፍል አስጠራሁት። በተሽከርካሪ ወንበር አመጡት። እስር ቤቱ የሰጠው የኦክስጅን መሣሪያ አሮጌ ነው፤ ሲያንኮራፋ የሁለታችንንም ጆሮ ይበሳል።

«ቤትዎ ነበሩ» አልኩት።

«ማን አለሽ?»

«ማክሰኞ ጠዋት የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ የሚመጣውን ሰው አግኝቼዋለሁ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ቤትዎ በር ላይ ፈርመው ተቀብለዋል። ለምን ዋሹኝ?»

አጠገቤ ያለውን ጠባቂ አየው። ጠባቂው ወጣልን።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ነበርኩ ብዬ ብፈርም ሐኪሟ ምን ትሆናለች?»

«ፈቃዷን ታጣለች።»

«እና?»

«እና እርስዎ ከግድያ ነጻ ይሆናሉ።»

«እኔ የቀረኝ ትንፋሽ በጣት የሚቆጠር ነው። ሎውደር ክሪክ ላይ ግን እሷን ብቻ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ። ማዶ ካለው ሆስፒታል ቀጠሮ ጠይቂ እስቲ፤ ለአሥር ወር ነው የሚሰጡሽ። በአሥር ወር ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም የምሞተው።» ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩት። «ደግሞ አልገደልኩም። ያልገደለ ሰው ማስረጃ አይገኝበትም፣ ትንሽ ቆይተው ይለቁኛል አልኩ። ፈቃዷን ያጣች ሐኪም ግን አትመለስም።»

«አቶ ታኬት፣ ማስረጃው እርስዎ ነዎት። እዚያ ነበርኩ ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ዕድሜ ልኩን የሰው ቃል እንደሚታመን ሲያስብ የኖረ ሰው ነው፤ አልገደልኩም ያለውን ትተን ነበርኩ ያለውን ብቻ እንደምንወስድበት አልታየውም።

ብሬንት የኦክስጅኑን ደረሰኝ አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «ሚስቱ ፈርማለት ይሆናል። እሱም ሐኪሟም እዚያ ነበር ብለዋል። ሐኪሟ በአፏ ‘መዝገቤ ሐሰት ነው’ ካላለች አልለቀውም። ሌላ ገዳይ ብታመጪልኝም ጠበቃው ያንን መዝገብ አንስቶ ፊቴ ላይ ነው የሚወረውረው።»

ኮሎምበስ ድረስ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ዶክተር ክራንትዝ የምትሠራው አፓርታማዋ ውስጥ ካለች ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ የማክሰኞ ተራ። ወንበር ሰጠችኝና ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል።

«ኦክስጅኑን ሲያመጡለት አይተሻል» አልኳት።

«በሩ ሲንኳኳ ተነስቶ ሄደ። ከኋላው ኦፓልን አየኋት፣ ምድጃውን አየሁት። ተመልሶ ሲቀመጥ ትንፋሹን ቆጠርኩለት።»

«ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው ብለሽ ጻፍሽ።»

«ቀድሜ ነው የጻፍኩት። የት ነህ ስለው ኦሃዮ አለኝ። እንዲህ ካላለኝ ደኅና ሁን ብዬ መዝጋት አለብኝ። ዘግቼ ምን ላድርገው?»

«የማዶን ፈቃድ ለምን አታወጪም?»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ካመለከትኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ለሐኪሞች ግዛቶቹ የተስማሙበት አቋራጭ አለ፣ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። መዝገቡ ላይ ነቁጥ ላለበት ግን አይሠራም። እኔ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ፈቃዴን ሦስት ሳምንት አዘግይቼ ስላደስኩ ተግሳጽ ተጽፎብኛል። እናቴ ሞታ ነበር። ስለዚህ በረጅሙ መንገድ ተሰልፌያለሁ። አሁን ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤቴን ማኅተም በኦሪጅናል ላኪ ብለውኛል፤ ለሦስተኛ ጊዜ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ልቆጣት አስቤ ነበር የመጣሁት፤ አልሆነልኝም።

መዝገቡን አወጣሁ። «የዚያን ቀን ማን እውነት ተናግሮ ማን እንደዋሸ አንድ በአንድ ልትነግሪኝ ነው። ወይዘሮ ሆባርት?»

«ቤቷ።»

«ታኬት ቤቱ። ግሌና ሜይስስ? እህቷ ቤት ይላል።»

«ግሌና አትዋሽም። ቤቷ መስመር የለም፣ ሁልጊዜ ትሻገራለች። ከሁሉም እሷ ብቻ ናት…» ቆም አለች። «መኪና ውስጥ ነበሩ። ልጇ ካሲዲ ቀበቶዋ እንደታሰረ ከኋላ ተኝታለች፤ የጠዋቱ ክኒን ያስተኛታል። በመስኮቱ ወንዙ ይታይ ነበር።»

«የእህቷ ቤት ወንዝ አያይም። ሌላ ጊዜ ስትጠይቂያት የት ነኝ ትልሻለች?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ። ሁልጊዜ።»

መዝገቡን ወደ እሷ ገፋሁት። መቶ ስልሳ ሰው ያልነበረበትን ግቢ ነበርኩበት ይል ነበር። አንዲት ሴት ሁልጊዜ የምትቆምበትን ግቢ፣ በዚያች ማክሰኞ ብቻ፣ አልነበርኩም አለች። ዶክተሯ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

«ሰውዬው ያኔ በሕይወት ነበር?» አለችኝ ከእጇ ሥር።

«ሳይሆን አይቀርም።»

«ሐኪም እያናገረች…» አልጨረሰችውም።

ቃሏን ጽፌ ፊቷ አደረግኩ። ብዕሩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እስከ ረቡዕ ጠብቂኝ። ማክሰኞ አሥራ አራት ሰው አለኝ። መድኃኒታቸውን ላድስላቸው፣ ልሰናበታቸው። ከዚያ የፈለግሽውን እፈርማለሁ።»

«ታኬት እስር ቤት ነው። የሚተነፍስበትን መሣሪያ ብታዪው…»

«አንድ ማክሰኞ ነው የምለምንሽ።»

እምቢ አልኳት። ትክክል ነበርኩ። እስከ ዛሬ ትክክል ነበርኩ እላለሁ፣ ጠግቤ ግን አልበላሁበትም። ፈረመች።

የግሌና እህት ዋንዳ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ማክሰኞ ጠዋት ተረኛ ነበረች፤ ቤቷ ተቆልፎ ነው የዋለው። ግሌናን ያገኘኋት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ ልጇን ስትጠብቅ ነው። ማዶ ነበርንና የዌስት ቨርጂኒያው ፖሊስ ራቅ ብሎ ቆመልኝ። ከጎኗ ገብቼ ተቀመጥኩ። በትምህርት ቤት እሷ ሁለት ክፍል ትበልጠኝ ነበር።

«ደብተሩ የት ነው፣ ግሌና?»

ከመቀመጫዋ ሥር አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ቀይ ነው። ውስጡ የታሸገ ፖስታ አለ፤ ለሐኪሞች ፈቃድ ቦርድ የተጻፈ።

«ሰንሰለቱን ሲጎትት ወርጄ ለመንኩት» አለች። «ይህን ፖስታ አሳየኝ። ‘ሳይሻገሩ የሚታከሙትን ቆጥሬያለሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ይላካል’ አለኝ። እኔ እኮ እሻገራለሁ አርለን፣ ሕጉን አክብሬ የምመጣው እኔ ነኝ አልኩት። ‘አውቃለሁ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ እኔ የምከሰው ሐኪሟን ነው’ አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። ጆሊን፣ ሐኪሟ መድኃኒቱን ከመለወጧ በፊት በሽታው ካሲዲን በሳምንት አራት ጊዜ ይጥላት ነበር። ደብተሩን ቀማሁት፣ ያዘብኝ። ገፋሁት።»

«ወድቆ ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ለምን አልደወልሽም?»

«ከተረፈ እንደገና ይጽፈዋል።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። «ጀልባ ማውረጃው ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሐኪሟ ደወለች። ‘የት ናችሁ’ አለችኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኳት። ‘እንዴት ናችሁ’ አለችኝ። ደኅና ነን አልኳት።»

ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ መውጣት ጀመሩ። ግሌና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ልጇን ዋንዳ እንድትወስድላት ለመነችኝ። ደወልኩላት።

ታኬት በማግስቱ ተፈታ። እስከ ቤቱ እኔው ወሰድኩት። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ድልድዩ መሀል ስንደርስ ነው አፉን የከፈተው።

«አርለን ሊያደርገው ፈልጎ ያቃተውን አንቺ ጨረስሽለት። እሱ ፖስታ ነበረው፣ አንቺ ማኅተም አለሽ።»

«ወህኒ ቤት ልሙት ነበር የሚሉኝ?»

«እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?»

ኦፓል በር ላይ ጠበቀችን። ባሏን ደግፋ አስገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችብኝ። አርብ ዕለት የኦሃዮ ቦርድ የዶክተር ክራንትዝን ፈቃድ አገደ። ማክሰኞ ወይዘሮ ሆባርት ቢሮዬ ደውላ የስኳር መድኃኒቷን ማን እንደሚያድስላት ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችም ደወሉ፤ ለእነሱም ያው ነው ያልኳቸው።

ካሲዲ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን የምትኖረው አክስቷ ዘንድ፣ ፓይክስ ላንዲንግ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው። እናቷ ያን ሁሉ የተሻገረችለትን አፈር አሁን ቀኑን ሙሉ ትረግጠዋለች። ሕጉ የጠየቀው ሁሉ ተሟልቶላታል፤ የጎደለችው ሐኪሟ ብቻ ናት።

የእናቷን ስልክ ልመልስላት ሄድኩ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከትራሷ ሥር የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አውጥታ ዘረጋችልኝ። በየቀኑ ላይ በእርሳስ ትናንሽ ክብ ተሠርቷል።

«ሠላሳ አንድ ቀን» አለችኝ። «አንድም ቀን አልጣለኝም። ዶክተር ሲልቪያ ቁጠሪና ንገሪኝ ብላኝ ነበር። ሠላሳ ከሞላሽ ክኒኑን እንቀንሳለን ብላኛለች። አንቺ ታውቂያታለሽ አይደል?»

«አውቃታለሁ።»

«ንገሪልኝ።»

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። ቶሎ አነሳችው። ካሲዲ ቀኗን ቆጥራለች፣ ስንት እንደሆነ ንገሪልኝ ብላ ልካኛለች አልኳት።

«አትንገሪኝ» አለች ዶክተሯ። «ከሰማሁ የምለው ይኖረኛል። የምለውን ማለት ደግሞ አልችልም፤ ታግጃለሁ። እባክሽ ጆሊን፣ ቁጥሩን አትንገሪኝ።» ከዚያ ዘጋችው።

ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩትም። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ምን አለች?»

«ጎበዝ ብላሻለች» አልኳት። «ክኒኑን ግን ለጊዜው እንዳለ ቀጥዪ ብላለች።»